«ሞቀኝ» እና «ሞቅ አለኝ»

ውጭ አገር ያደገ ወጣት አዲስ አበባ መጥቶ፣ አክስቱ ቤት ሹራቡን እያወለቀ «ሞቅ አለኝ» ቢል ሳቅ መነሣቱ አይቀርም። «ከመቼው ጠጣህ?» የሚለውም አይጠፋም። ሊል የፈለገው «ሞቀኝ» ነበር። ሁለቱን የምትለያቸው «አለ» የምትባል ትንሽ ግስ ናት፦ «ሞቀኝ» የአየሩ ጉዳይ ነው፣ «ሞቅ አለኝ» አብዛኛውን ጊዜ የመጠጡ። እርግጥ ብርድ ላይ ቆይቶ ጋቢ የደረበ ሰውም ሞቅ ሊለው ይችላል፤ ግን ጋቢውም ብርዱም ከሌሉ የሰሚው ሐሳብ ወደ ብርሌው ይሄዳል።

ሞቅ ያለው ሰው ሰካራም አይደለም። ጨዋታው ፈታ፣ ድምፁ ከፍ፣ እጁ ዘርጋ ብሏል፤ መንገዱን ግን አልሳተም። ከዚያ ካለፈ «ሰከረ» ነው፣ ከነጭራሹ ከባሰበት ደግሞ «ጥንብዝ ብሎ ሰከረ»። «ሞቅታ» የሚለው ስም ከመሸታ ቤት ወጥቶ አደባባይም ገብቷል። ጠብታ ያልቀመሰ ተናጋሪ ጭብጨባው አነሣሥቶት ያልሆነ ነገር ቃል ቢገባ «በሞቅታ ነው የተናገረው» ይባልለታል። ሰበብም ነቀፌታም ነው።

«ሙቅ ነኝ» ግን በጭራሽ አይባልም። በአማርኛ ሙቀትና ብርድ እንደ ረኀብና ጥም ሰው ላይ የሚመጡ ናቸው፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ። «ሙቅ» ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚታየው ከዱቄት ተፈልቶ የሚጠጣው ነው፤ አራስ ቤት የሚቀርበው የአጃ ሙቅ ለምሳሌ። ከስኒው እንፋሎት የሚወጣው ሻይም «ትኩስ» ነው። ሚጥሚጣ ያቃጥላል እንጂ አይሞቅም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸው ምንጭም ስሙ ፍል ውሃ ነው። መዝገበ ቃላት ለመግለጥ ከፈለጋችሁ፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ «አዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ጥሩ መነሻ ነው። ቃሉን ከግሱ፣ ከ«ሞቀ»፣ ጀምራችሁ ፈልጉ።

ሰርግ ሞቀ፣ ገበያው ሞቀ፣ ሞቅ ያለ አቀባበል፣ ሞቅ ያለ ቀለም፦ ሁሉም ምስጋና ነው። ድግሱ ቀዘቀዘ ማለት ግን ለደጋሹ ሐዘን ነው። በእኔ ግምት ይህን ያመጣው አገሩ ነው። አማርኛ ያደገው በአብዛኛው ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ብርዱን የሚችለው ሥጋ የበላ ነው ለማለት ነው። በዚያ ወራት ጠዋት ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ ታያላችሁ። አዎ፣ በአማርኛ ፀሐይም እሳትም ይሞቃል። «አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ሠፈር ነው። የሰውዬው ገመና ከጓዳ ወጥቶ ደጅ ተሰጥቷል፣ መንደሩ ሁሉ አይቶታል ማለት ነው። ሹክሹክታ እየመሰላችሁ የነገራችሁትን ምስጢር ሰሚው በዚህ ከመለሰላችሁ፣ ወሬው ቀድሟችኋል።

ቅዝቃዜም ሁልጊዜ አይጠላም፤ ቁጣ ሲበርድ፣ ጠብ ሲበርድ ደስ ይላል።

«አሟሟቂ» ላይ ጠንቀቅ በሉ። ኳስ ተጫዋች ከጨዋታ በፊት ሰውነቱን ያሟሙቃል፤ ማለፊያ ነው። ስብሰባ ላይ ግን «እሱ እኮ አሟሟቂ ነው» ከተባለ፣ ሰውየው ለማጨብጨብና ወንበር ለመሙላት ብቻ መጥቷል ማለት ነው።

«አይሞቀኝም አይበርደኝም» ደግሞ ግዴለኝም ማለት ነው፤ ደንታ ቢስነት አለበት። እናት «እሑድ እነ አያትህ ጋር እንሂድ ወይስ ቤት እንዋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሁለቱም ይስማማኛል ለማለት አስባችሁ ይህን ብትወረውሩ ይከፋቸዋል። «እንዳልሽ እማዬ» በሉ።