ብረት መግፋት ልጅን ያሳጥራልን?



በቁስቋም፣ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ወጣቶች በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ቱቦ አያይዘው ክብደት ሲያነሱ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ወላጆች ግን «ብረት የሚገፋ ልጅ አጭር ሆኖ ይቀራል» ብለው ይሰጋሉ። ለመሆኑ ይህ እውነት ነውን?

በማደግ ላይ ባለ ልጅ የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ቁመት የሚጨምር ለምለም አጥንት ይገኛል። ይህ ክፍል ጠንክሮ የሚዘጋው በአብዛኛው በሴቶች ከ14 እስከ 16፣ በወንዶች ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያው ከአቅም በላይ በሆነ ክብደት ወይም በአደጋ ሊጎዳ ይችላል። በአግባቡ የሚሠራ ስፖርት ግን ቁመትን አይገታም፤ እንዲያውም አጥንትን ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ መክሯል። ይህ ሴት ልጆቻችንንም ይመለከታል፤ እቤት ውስጥ ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ መሥራት ይችላሉ።

«ታዲያ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች ለምን ይጎዳሉ?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች ከእንጦጦ ጫካ ሲያወርዱት የኖሩት፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨት፣ ወገብ ጎብጦ፣ ምግብ ሳይበቃ፣ ያለ እረፍት የሚሸከሙት ነው። ስፖርት ግን በቀላል ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር፣ ሲደክሙ የሚያቆሙት ነው።

ስለዚህ ልጅዎ፦

1. አነሳሱን መጀመሪያ ያለ ክብደት፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይማር፤
2. ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሳይንገዳገድ የሚያነሳውን ቀላል ክብደት ይያዝ፤ «ማን ይበልጥ ያነሳል» የሚለው ፉክክር ይቅር፤
3. በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመሐሉ እያረፈ ይሥራ፤
4. የልብ ሕመም ካለበት ሐኪም ሳያማክር አይጀምር፤ የማይለቅ የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከተሰማውም አቁሞ ይታይ።

ለጡንቻ ውድ ዱቄት አያስፈልግም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ከተቻለም እንቁላልና ወተት ይበቃል። በረመዳን ውኃ በማይጠጣበት ሰዓት ከባድ ልምምድ ትቶ ከኢፍጣር በኋላ ቀለል አድርጎ ይሥራ።

እንደ ፋርማሲስት አጥብቄ የማስጠነቅቀው ግን «ጡንቻ የሚያወጣ» ተብሎ ስለሚሸጠው መርፌና ክኒን ነው። ብዙዎቹ ቴስቶስትሮን ወይም እሱን የመሰሉ ሆርሞኖች ናቸው። በሰውነት ውስጥ ከፊሉ ወደ ኤስትሮጅን ተለውጦ ያንን ለምለም አጥንት ያለ ጊዜው ይዘጋዋል። ወላጅ ብረቱ ያመጣል ብሎ የሚፈራውን ማጠር በእርግጥ ሊያመጣ የሚችለው ይህ ነው። የዘር ፍሬን ያኮማትራል፣ ልብን ይጎዳል፤ ክኒኑ ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይወሰድም።

ሰውነት ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። እናም ልጅዎን «ተው!» ከማለትዎ በፊት ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚወስድ ይጠይቁት።