በካምፓላ ሙቀት በረዶ የሚሠራ ሞተር

ማኬሬሬ ኮረብታ ላይ ሆኖ ስለ አውሮፕላንና በረዶ ማንሳት ቀልድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1922 በቴክኒክ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ያለበት ይህ የካምፓላ ኮረብታ ከምድር ወገብ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ 27 እና 28 ዲግሪ ይደርሳል። ሰማዩ ግን ሌላ አገር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ሲደረስ ዜሮ ይገባል። 5,109 ሜትር የሚረዝመው የሩዌንዞሪ ጫፍ በረዶ የለበሰው ለዚህ ነው።

በዚያ ከፍታ ደመናው ውስጥ ከዜሮ በታች ቀዝቅዘው ገና ያልረጉ የውሃ ጠብታዎች አሉ። የክንፉ ግንባር ሲነካቸው ወዲያው በረዶ ይሆናሉ። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ ሽፋን ብቻውን የክንፉን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሞቃት አገር መሆንም አያድንም፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2024 ብራዚል ውስጥ ቪንየዱ ላይ የወደቀው ኤቲአር 72 በረዶ በሚያስይዝ አየር ውስጥ ሲበር ነበር፤ ከተሳፈሩት 62 ሰዎች አንድም አልተረፈም።

ወደ ካምፓላ የሚወርድ ትንሽ አውሮፕላን ግን ከ3,500 ሜትር በላይ የሚሆን ሞቃት አየር አቋርጦ ስለሚመጣ፣ ክንፉ ላይ የያዘው በረዶ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ ይረግፋል። እዚህ በማረፊያ ሰዓት የሚያሰጋው በረዶ ሞተሩ ውስጥ ያለው ነው።

እንደ ሴስና 152 ያሉ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት በካርቡሬተር ነው። አየሩ በጠባቡ አንገት ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ቤንዚኑም ሲተን ከዙሪያው ሙቀት ይወስዳል። ሁለቱ ተባብረው የአንገቱን ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ውጭው 25 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚነሳው እርጥበት እዚያ ገብቶ ይረጋል፣ መተላለፊያውን ያጠብባል፣ ሞተሩም ይታፈናል።

ለማረፍ ሲወረድ ነገሩ ይብሳል። አብራሪው ነዳጅ ሲቀንስ የካርቡሬተሩ ክፍተት ስለሚጠብብ ጥቂት በረዶ ይደፍነዋል። ሞተሩ ቀድሞውንም በዝግታ የሚዞር ስለሆነ መታፈኑ አይሰማም። የሚታወቀው ማረፉ አልሳካ ብሎ እንደገና ለመነሳት ነዳጅ ሲሰጥና ሞተሩ እምቢ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ መሬት ቅርብ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በጭስ ማውጫው የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባ ማንሻ። መሳብ ያለበት ነዳጁ ከመቀነሱ በፊት ነው፤ የጭስ ማውጫው ከቀዘቀዘ የሚሰጠው ሙቀት የለምና። የቀለጠው ውሃ ሲገባበት ሞተሩ ለአፍታ ይንተፋተፋል። በዚህ ደንግጦ ማንሻውን መመለስ፣ በእኔ ግምት፣ ከበረዶው የባሰ አደጋ ነው።

በካምፓላና በእንቴቤ መካከል ከምትገኘው ካጃንሲ የሚነሱት ሴስና ካራቫኖች የተርባይን ሞተር ስላላቸው ይህ ጣጣ አያገኛቸውም። ካርቡሬተር ባለው አውሮፕላን አደጋ ሲደርስ ግን ማስረጃው ራሱ ይጠፋል፦ መርማሪዎች ሲደርሱ በረዶው ቀልጧል፤ የሚቀራቸው የዕለቱን ሙቀትና እርጥበት አይቶ መገመት ነው።