ግቡ ይታይ

(ድምፅ፦ የተማሪዎች ንባብ፣ ቀስ እያለ ይደክማል)

ተራኪ፦ ከቆጋ ግድብ አካባቢ ተነስቶ በዳንግላ በኩል ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ የሚዘልቀው መንገድ የቅኔን አገር ያቋርጣል። ጎንጅና ዋሸራ የሚባሉት የቅኔ መንገዶች የበቀሉት ጎጃም ውስጥ ነው። ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ቤቱ ያልሞላውን፣ ሰዋስዉ የተዛባውን እዚያው ያቀናል።

ዛሬ የሒሳብ ሊቃውንትም እንዲህ ያለ ምልልስ አላቸው፤ አራሚያቸው ግን ኮምፒውተር ነው።

(ድምፅ፦ የኪቦርድ)

ተራኪ፦ ኔዘርላንዳዊው ኒኮላስ ደ ብሮይን እ.ኤ.አ. በ1967 የሒሳብ ማረጋገጫን በኮምፒውተር የሚመረምረውን አውቶማትን ጀመረ፤ ኮክ፣ ኢዛቤልና ሊን የተባሉ መሰል ፕሮግራሞች ተከተሉ። አራት ቀለም ማንኛውንም ካርታ ጎረቤት አገሮች ሳይመሳሰሉ ለመቀባት እንደሚበቃ በ1976 በኮምፒውተር እገዛ ሲረጋገጥ ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር። በ2005 ዦርዥ ጎንቲዬ ለዚሁ አባባል የተሰጠ ማረጋገጫን በኮክ አስመረመረ።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ሲሠራ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ሰው ይጽፋል፤ በሌላው ኮምፒውተሩ የተሰጠውንና የቀረውን ግብ ያሳያል። «የሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ድምር ተጋማሽ ነው» እንበል። ቁጥሮቹ ኢተጋማሽ መሆናቸው ከላይ ይሰፍራል፤ ግቡ ከሥር። አንድ እርምጃ ሲጻፍ ግቡ ይለወጣል። እርምጃው የማያስኬድ ከሆነ ስህተቱ ወዲያው ይነገራል። የቀረ ግብ ሲጠፋ ማረጋገጫው ተፈጸመ።

እዚህ የተደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ኤድንብራ ላይ የተሠራው ፕሩፍ ጄኔራል የተባለ መጻፊያ ተቀባይነት ያገኙትን መስመሮች ቀለም ቀብቶ ይቆልፋቸዋል። በ1994 ፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች የግቡን ክፍል በማውስ ጠቁሞ የሚቀጥለውን እርምጃ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። በሊን ደግሞ ጠቋሚው ያረፈበት ቦታ ሁሉ የዚያን ቦታ ግብ ያወጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኮምፒውተሩ እርምጃውን ይመረምራል እንጂ የተጻፈው እኛ ያሰብነው መሆኑን አያውቅም። ያንን የሚፈርደው አንባቢው ነው። ግቡ ጎልቶ ካልታየው ያላሰበውን ነገር አረጋግጦ ሊወጣ ይችላል።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ይህን በአማርኛ መሥራትስ ይቻላል? የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። አግዳ የተባለው ሌላ ማረጋገጫ መርማሪ ፕሮግራም በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ «ድምር» እና «ተጋማሽ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ትእዛዙና የስህተቱ መልእክት ግን እንግሊዝኛ ነው። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን መልእክቶቹን ወደ አማርኛ ከመመለስ ሊጀምሩ ይችላሉ። የጎጃም ተማሪ ቅኔው ሲታረም ምን እንደጎደለው ይረዳል፤ ሒሳቡ ሲታረምም ሊረዳ ይገባዋል።