ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ዋጋውስ?

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይባላል። ውርርድ ባለበት የፈረስ እሽቅድምድም ግን ሁለቱ ብቻ አይበቁም፤ ሦስተኛው ዋጋ ነው። በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ፣ በቸርችል ዳውንስ ሜዳ ከ1875 ጀምሮ የሚካሄደው ኬንታኪ ደርቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ውድድሩ እንደ ልማዱ በሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በእኛ ሚያዝያ መገባደጃ ላይ ይውላል። ቀኑ ሲቃረብ ሁሉም «የትኛው ፈረስ ያሸንፋል?» ይላል። የነጋዴ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የተጠራው ዋጋ ከፈረሱ ዕድል ጋር ይመጣጠናል ወይ?

ገበያው እንዴት ይሠራል?

በደርቢ ዋጋ የሚተምነው አዘጋጁ ሳይሆን ተወራራጁ ሕዝብ ነው። ገንዘቡ በአንድ ቋት ይጠራቀማል፤ አዘጋጁ ድርሻውን ያነሳል፤ ቀሪው ያሸነፈውን ፈረስ ለያዙት ይከፋፈላል። በመሆኑም ብዙ ሰው የተረባረበበት ፈረስ ትርፉ ይቀንሳል፤ የተናቀው ይጨምራል።

አንድ ፈረስ 4 ለ 1 ተጠራ እንበል። 1 ዶላር ያስያዘ ሰው ፈረሱ ካሸነፈለት 4 ዶላር ያተርፋል። ሂሳቡ እንዳይጎድል ፈረሱ ከ5 ጊዜ አንዱን፣ ማለትም 20 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ሊኖረው ይገባል። የእርስዎ ግምት 30 በመቶ ከሆነ ዋጋው ርካሽ ነው። ግምትዎ 10 በመቶ ከሆነ ግን ፈረሱ የቱንም ያህል ቢያምር ውድ ነው።

ዕድሉ በምን ይለካል?

አንደኛው ርቀቱ ነው። በደርቢ የሚሮጡት የ3 ዓመት ፈረሶች ብቻ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠው አያውቁም። ስለዚህ በመጨረሻው የማጣሪያ ውድድር ፈረሱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ፍጥነት ይጨምር ነበር ወይስ ይደክም ነበር ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። የወላጆቹ የረጅም ርቀት ታሪክም ይታያል።

ሁለተኛው የሩጫው አካሄድ ነው። ከመነሻው መምራት የሚወዱ ፈረሶች ከበዙ እርስ በርስ ይዳከማሉ፤ ከኋላ የሚመጣው ይጠቀማል። ሦስተኛው መጨናነቁ ነው። እስከ 20 ፈረሶች በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቁ ጥሩ ፈረስም መንገድ ሊዘጋበት ይችላል። አራተኛው ዝናብ ነው። እንደ 2018 እና 2025 ሜዳው ሲጨቀይ፣ ጭቃ የለመደና ያልለመደ ፈረስ ይለያያሉ።

የማይለካው ደግሞ ፈረሱ የተገዛበት ገንዘብ ነው። ዘ ግሪን መንኪ የተባለው ፈረስ በ2006 በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ቀርቷል። በ17,500 ዶላር የተገዛው ሲያትል ስሉ ግን በ1977 ደርቢን ጨምሮ ሦስቱን ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች ጠራርጎ ወስዷል።

ያለፈው ዓመትስ?

ከ2013 እስከ 2018 ስድስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው ብዙ ገንዘብ የተያዘበት ፈረስ ነበር። «ብዙኃኑን መከተል ያዋጣል» ብሎ የገባ ሰው ግን ከዚያ በኋላ አልቀናውም። ከ2019 እስከ 2025 በነበሩት ሰባት ውድድሮች አንድም የገበያው ቀዳሚ ምርጫ አላሸነፈም።

በ2022 የሆነው ከሁሉ ይልቃል። ሪች ስትራይክ ሌላ ፈረስ በመውጣቱ በዋዜማው የገባ፣ 80 ለ 1 የተጠራ ፈረስ ነበር። ቀዳሚዎቹ የመጀመሪያውን 400 ሜትር ከ22 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሮጠው ጉልበታቸውን ጨረሱ፤ እሱ ከኋላ መጥቶ የገበያውን ምርጫ ኤፒሴንተርን ቀደመው። 2 ዶላር ያስያዘ 163 ዶላር ከ60 ሳንቲም ተቀበለ። ፍንጭም አልጠፋም ነበር፤ ከወራት በፊት በዚያው ሜዳ ከ17 የፈረስ ቁመት በላይ ርቆ ያሸነፈ ዕለት ነበር በ30,000 ዶላር የተገዛው።

ይሁንና «የተናቀውን ሁሉ ግዛ» ማለት አይደለም። ሪች ስትራይክ ራሱ ከዚያ ወዲህ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ርካሽ ዕቃ ሁሉ አትራፊ እንዳልሆነ መርካቶ የዋለ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ የዋጋ ሰሌዳውን ከማየትዎ በፊት ለእያንዳንዱ ፈረስ የራስዎን መቶኛ በወረቀት ያስፍሩ፤ ድምሩ 100 ይሁን። ከዚያ ከሰሌዳው ጋር ያስተያዩት። የሚያዋጣ ልዩነት ካላገኙ ኪስን ዘግቶ ሩጫውን ማየትም የነጋዴ ውሳኔ ነው።