የሰው ሠራሽ ጥርስ ልክና መልክ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

«ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው የአገራችን ብሂል የተነገረው፥ ጥርስ ለወዳጅም ለጠላትም ስለሚስቅ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን በሌላ መንገድ ባዳ ነው፤ ከሰውነታችን ያልበቀለ እንግዳ ነገር ሆኖ ሳለ፥ ከምላስ፥ ከጉንጭና ከከንፈር ጋራ በአንድ ቤት እንዲኖር ይገደዳልና። ይህን ባዳ ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚያስማሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የመንጋጋው ልክ፥ ሁለተኛው የጥርሱ መልክ ነው። ልኩን የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ መልኩን ግን ባለሙያውና ባለቤቱ ተመካክረው ይመርጡታል። የዛሬው ንግግራችን እነዚህን ሁለቱን የሚያስረዳ ሲሆን፥ በተለይም ለአዳማ፥ ለወንጂ፥ ለሞጆ፥ ለመቂና ለዝዋይ ነዋሪዎች የሚጠቅም ይሆናል።

ጉዳዩ ተራ ጉዳይ አይደለም። ጥርሱን ያጣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በስብሰባ ላይ አሳብ እያለው ዝም ይላል፤ በስልክ ሲነጋገር ቃሉ ስለማይሰማ ደጋግሞ ይጠየቃል፤ ግብዣ ሲጠራም ምክንያት ፈጥሮ ይቀራል። ከደመወዙ አጠራቅሞ ያሠራው ጥርስ አልስማማ ብሎት በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል። ጥርሱ በመሳቢያ እንዲቀር የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የነጭነት ማነስ ሳይሆን የልክ መሳሳት ነው።

የላይኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ አይንቀሳቀስም። የታችኛው ግን ከጆሮ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት መጋጠሚያዎች ላይ ተንጠልጥሎ ይከፈታል፥ ይዘጋል፥ ወደ ፊትና ወደ ጎንም ይሄዳል። ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት አኑረው አፍዎን ቢከፍቱና ቢዘጉ ይህን እንቅስቃሴ ይዳስሱታል። ጥርስ ሳለ፥ የላይኛውና የታችኛው ተጋጥመው መንጋጋውን «እዚህ ላይ ቁም» ይሉታል። ጥርሶች ሁሉ ካለቁ በኋላ ግን ይህ ማቆሚያ ይጠፋል። ሐኪሙም የጠፋውን ማቆሚያ ለማግኘት ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል፤ ሁለቱ መንጋጋዎች ምን ያህል ተራርቀው ይቁሙ? የታችኛውስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲለካ የት ላይ ይቁም?

ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ የድዱ ቅርጽ ይወሰድና በጀሶ ይገለበጣል። በጀሶው ላይ ጊዜያዊ መሠረት ተሠርቶ፥ ጥርስ በሚቆምበት ስፍራ የሰም ግድግዳ ይተከልበታል። ሐኪሙ ይህን ሰም በአፍ ውስጥ እያስገባ፥ እየቆረጠና እየጨመረ የሚፈልገውን ልክ ያገኝበታል።

የመጀመሪያው ልክ የከፍታ ልክ ነው። በአፍንጫ ጫፍና በአገጭ ላይ አንዳንድ ነጥብ ይደረጋል። ተለኪው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ «እም» እንዲል፥ ከዚያም ከንፈሩን በቀስታ ገጥሞ እንዲያርፍ ይታዘዛል። ያን ጊዜ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት የዕረፍት ልክ ይባላል። ሰው ሲያርፍ ጥርሶቹ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት አለ። ስለዚህ የዕረፍቱ ልክ 68 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ጥርሶቹ በሚገጥሙበት ጊዜ ልኩ 65 ወይም 66 ሊሆን ይገባል ማለት ነው።

ይህቺ ጥቂት ሚሊሜትር የምትናቅ አይደለችም። ክፍተቱ ካልተተወ፥ ጥርሶቹ ንግግር በተጀመረ ቍጥር ይንኳኳሉ፤ የጉንጭ ጡንቻ ይደክማል፤ ድድም ይቈስላል። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል፤ ከንፈር ወደ ውስጥ ይገባል፤ የአፍ ማዕዘኖችም በምራቅ እየረጠቡ ይሰነጠቃሉ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው የሰባ ዓመት ሽማግሌ መስሎ የሚታየው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ልክ የአቀማመጥ ልክ ነው። ብዙ ዘመን ያለ ጥርስ የቈየ ሰው በፊተኛው ድዱ ማኘክ ስለሚለምድ፥ «ግጠም» ሲሉት አገጩን ወደ ፊት ይገፋል። ይህ የልማድ አቀማመጥ እንጂ የመጋጠሚያው እውነተኛ ስፍራ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ የምላስን ጫፍ ወደ ላንቃ ኋላ እንዲያጥፍና እንዲውጥ እያደረገ፥ አገጩንም በቀስታ እየመራ፥ ታካሚው ሳይጨነቅ ደጋግሞ ሊመለስበት የሚችለውን ስፍራ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ተገኝቶ ሁለተኛ ጊዜ የሚለወጥ ከሆነ ገና አልተገኘም። ሦስት ጊዜ አንድ ዐይነት ሲሆን ግን ሁለቱ ሰሞች እንደ ተጋጠሙ ይያያዛሉ።

ከዚህ በኋላ ጀሶዎቹ አርቲኩሌተር በሚባል፥ የመንጋጋን እንቅስቃሴ በሚመስል መሣሪያ ላይ ይታሰራሉ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ጥርሱን የሚደረድረው በዚህ መሣሪያ ላይ ነው። እርሱ የታካሚውን ፊት አያይም፤ የሚያየው የተላከለትን ልክ ብቻ ነው። እንግዲህ ልኩ ከተሳሳተ፥ በጠረጴዛ ላይ ተስተካክሎ የታየው ሥራ አፍ ውስጥ ሲገባ በአንድ በኩል ብቻ ይነካል፤ ሲያኝኩበትም ይነቀላል።

ያው የሰም ግድግዳ የጥርሱን መልክ ለመምረጥም ያገለግላል። በሰሙ ላይ የፊት መካከል፥ የከንፈር ማዕዘኖችና ሲስቁ ከንፈር የሚደርስበት ከፍታ በመስመር ይሰመራሉ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት ስድስቱ የላይኛ የፊት ጥርሶች የሚይዙትን ስፍራ ሲያመለክት፥ የሣቅ መስመር ደግሞ የጥርሱን ቁመት ያመለክታል። የሰሙም ጠርዝ ከሁለቱ ዐይኖች ብሌን ጋራ ትይዩ ሊሆን ይገባል፤ አለዚያ ፈገግታው ጠማማ ይሆናል። ለስፋቱም አንድ የቈየ መነሻ አለ፤ ይኸውም በጉንጭ አጥንቶች ላይ የተለካው የፊት ስፋት ለ16 ሲካፈል የአንዱን መካከለኛ የላይኛ ጥርስ ስፋት ይሰጣል የሚል ነው። በዚህ አቆጣጠር 136 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ፊት 8.5 ሚሊሜትር ይሆናል።

ስለ ቅርጹም፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ጀምስ ሊዮን ዊልያምስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፥ የላይኛው መካከለኛ ጥርስ ተገልብጦ ሲታይ የባለቤቱን ፊት ይመስላል ብሎ አስተማረ፤ ቅርጾቹንም አራት ማዕዘን፥ ሾጣጣና ሞላላ ብሎ ከፈላቸው። በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ይህን እንደ ጽኑ ሕግ አላረጋገጡትም፤ ሆኖም ለመነሻ ያህል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምስክር የራስ ፎቶግራፍ ነው። ጥርስዎ ሳይወልቅ እየሣቁ የተነሡት የሠርግ ወይም የምረቃ ፎቶግራፍ ካለ ለሐኪምዎ ይውሰዱለት።

አሁን ወደ ቀለሙ እንለፍ፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የመልክ ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ በተገኙ አለቶች ውስጥ ስለሚያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሸከማል። የዓለም የጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖረው ይመክራል፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጕድጓዶች ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ በኋላ የጕድጓድ ውሃ እየጠጡ በዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ከረዥም ዘመን ሠራተኞችም አጥንታቸው የተጐዳ ተገኙ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ስለ ሸለቆው የፍሎራይድ ሕመም ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን ለዓለም አሳውቋል።

ይህ ቡናማ ቀለም ቈሻሻ አይደለም፤ በከሰልም በአሸዋም ቢፈትጉት አይለቅም። ጥርሱ በድድ ውስጥ ገና ሲሠራ፥ ይኸውም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ፥ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት የመጣ ቀለም ነው።

እንግዲህ ከዚህ አገር የበቀለ ሰው ጥርስ ሲያሠራ ምን ቀለም ይምረጥ? መልሱ በአፉ ውስጥ በቀረው ጥርስ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ብቻ የሚተካ ከሆነ፥ አዲሱ ጥርስ ጐረቤቱን ሊመስል ይገባል። በቡናማ ጥርሶች መካከል የገባ ወተት የመሰለ ጥርስ፥ በአሮጌ ጣራ ላይ እንደ ተመታ አዲስ ቈርቈሮ ከሩቅ ይታያል። መምረጫ ናሙናዎቹ ለንጹሕ ጥርስ የተዘጋጁ ስለ ሆኑ ትክክለኛው ቀለም ላይገኝባቸው ይችላል፤ ጥሩ ሠራተኛ ግን ቡናማውን ነጠብጣብና ነጩን መስመር በጥርሱ ላይ በቀለም ሊያስመስለው ይችላል።

ጥርሱ በሙሉ የሚተካ ከሆነ ግን ምርጫው የባለቤቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሣቀ ሰው ነጭ ጥርስ ቢመኝ የሚፈረድበት አይደለም። «ቤተ ሰቤ የሚያውቀኝ በዚያው መልኬ ነው» የሚልም አለ፤ እርሱም አይነቀፍም። ሐኪሙ የሚመክረው ጥርሱ ከዕድሜና ከፊት ቀለም ጋራ እንዲስማማ፥ ክራንቻውም እንደ ተፈጥሮው ከመካከለኞቹ ጥቂት ጠቈር እንዲል ነው። ናሙናው በውሃ ርሶ፥ ከመብራት ሥር ሳይሆን በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ይታይ፤ ዐይን ሲፈዝ ቀለም ስለሚያሳስት ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይታይ።

የመንጋጋ ጥርሶችም ምርጫ አላቸው። ድዱ ከፍ ያለና ጠንካራ ለሆነ ሰው ጫፋቸው ሾል ያሉት ምግብን በደንብ ይቈርጣሉ፤ ድዱ ለተሟጠጠ ሽማግሌ ግን ሜዳማዎቹ መሠረቱን ወደ ጎን ስለማይገፉ ይሻላሉ። ሸክላ ጥርስ ቶሎ አያልቅም፤ ነገር ግን ይንኳኳል፤ ሲወድቅም ይሰበራል። የአክሪሊክ ጥርስ ጸጥተኛ ነው፤ ነገር ግን እየተፋቀ ያልቃል።

ጥርሶቹ በሰም ላይ ከተደረደሩ በኋላ የሙከራ ቀን አለ። በዚያ ቀን ዝም ብለው አይቀመጡ፤ ይናገሩ። «ፋሲካ» ሲሉ የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር በቀስታ ሊነካ ይገባል። «ስልሳ ስድስት» ሲሉ ጥርሶቹ እጅግ ይቀራረባሉ እንጂ ሊጋጩ አይገባም፤ ከተጋጩ ከፍታው በዝቷል። የትዳር ጓደኛዎን ወይም ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ መስተዋትም ይጠይቁ። ሰም ሳለ የማይለወጥ ነገር የለም፤ ወደ አክሪሊክ ከተለወጠ በኋላ ግን ጸጸት ብቻ ይቀራል።

ሙሉ ጥርስ ለማሠራት እንደ ደንቡ አምስት ያህል ቀጠሮ ያስፈልጋል። ከመቂ ወይም ከዝዋይ ለሚመላለስ፥ ፈቃድም ለሚጠይቅ ሠራተኛ ይህ ከባድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም «በአንድ ቀን ሠርቼ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ቢገኝ፥ የሚዘለው ምን እንደ ሆነ ይጠይቁት፤ የሚዘለው የመንጋጋው ልክ ወይም የሙከራው ቀን ከሆነ ትርፉ ኪሳራ ነው። ጥርስ ከወለቀ በኋላ የመንጋጋ አጥንት በተለይ በመጀመሪያው ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የታችኛውም ከላይኛው ይብስበታል። ስለዚህ መልካም ሆኖ የተሠራ ጥርስ እንኳ ከዓመታት በኋላ ሊላላ ስለሚችል በየጊዜው መታየት ይገባዋል።

በመጨረሻም ሕፃናት ላሏችሁ አንድ ቃል እንጨምር። የጕድጓድ ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ስለሚቀንስ ያከረዋል። የተመረመረ ወይም በአጥንት ከሰል የተጣራ ውሃ፥ ንጹሕ የዝናብ ውሃም የልጆቻችሁን ጥርስ ይጠብቃል። ለእኛ ለትልልቆቹ ግን ምክሩ አጭር ነው፤ ልኩን ለባለሙያው ትዕግሥት፥ መልኩን ለራስ ዐይንና ለምክር እንተወው።