ጂ+2 ለቁስቋም

ቁስቋም ላይ የተከራየኋት ሰርቪስ ቤት ሦስት በአራት ናት፤ 12 ካሬ። አልጋዬ ላይ ሆኜ በሩን መክፈት እችላለሁ። አከራዬ (እትዬ ነው የምላቸው) እዚያው ግቢ ጭቃ ቤት ውስጥ ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ባለፈው ቡና እየጠጣን «ይሄን አፍርሼ ሁለት ፎቅ ብሠራ አንቺም ሰፋ ያለ ክፍል ታገኚ ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አይሠሩም?» ስላቸው ሳቁ። «ለዲዛይንና ለፈቃድ የማወጣው ብቻ ሌላ ጭቃ ቤት ይሠራል!»

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አመል ነውና ስልኬን አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ግቢው 150 ካሬ፣ ቤት ያረፈበት 80 ካሬ ነው እንበል። እዚያው ላይ ጂ+2 ቢነሳ 240 ካሬ ወለል ይሆናል። ደረጃና ግድግዳ 40 ይብላው። ከቀሪው 80ው ለእትዬ ቤተሰብ ሆኖ አራት ተከራይ ሠላሳ ሠላሳ ካሬ ይደርሰዋል። ማንም ከሰፈሩ አልተነሳም፤ አንድ ካሬ መሬት ከሊዝ ጨረታ አልተገዛም።

ሕጉ ይህን ዓይነት ቤት ያውቀዋል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት መድቦ ነበር። ምድብ «ሀ» ትንሿ ባለ አንድ ወለል ቤት ነበረች። ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ምድብ «ሐ» ነበር። የመኖሪያ ጂ+2 ደግሞ ከ9 እስከ 10 ሜትር ስለሚሆን መሃል ላይ «ለ» ውስጥ ይወድቅ ነበር። መሐንዲስ ይየው መባሉ ልክ ነው፤ ቁስቋም እኮ ዳገት ነው፣ ክረምት ሲመጣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጎርፍ የምናውቀው እኛ ነን። ግን እያንዳንዷ እትዬ አዲስ ዲዛይን ከዜሮ ለምን ታሠራ? ኮንዶሚኒየም የተስፋፋው አንድ ዲዛይን ብዙ ቦታ እየተደገመ ነው። ብዙዎቹ ጂ+4 ላይ የቆሙትም ያለ ሊፍት እንዲኖርባቸው ነው። ከተማው ለ100፣ ለ150፣ ለ200 ካሬ ግቢ የተፈተሸ ዲዛይን ያውጣ፤ ባለይዞታው የአፈር ምርመራውንና መሠረቱን ለቦታው ያሠራ።

ከ2009 ጀምሮ የሚሠራበት የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ነው፤ እያለቀ ነው። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ቤት በመኖሪያ ሰፈር በቀጥታ እንዲፈቀድ ቢል ምን ይጎዳል? የኒውዚላንዷ ኦክላንድ በፈረንጆቹ 2016 ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ ጠጋ ጠጋ ብሎ መሥራትን ፈቀደች። ከዚያ በኋላ የግንባታ ፈቃድ በጣም ጨመረ፤ በብዛት የተሠራውም ተያያዥ ዝቅተኛ ቤት ነው።

እርግጥ ኦክላንድ የቤት ብድር አለ። እትዬ ባንክ ሄደው ምን ይባላሉ የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ደግሞም ይሄ የሚጠቅመው ካርታ ያለውን ነው። በ1967 አዋጅ የተወረሱትና የቀበሌ ቤት የሆኑት ውስጥ ያለ ሰው አፍርሶ መሥራት አይችልም።

ሒሳቡን ለእትዬ አሳየኋቸው። ወደዱት። «ግን እስኪያልቅ ዘመድሽ ጋ ነዋ የምትሆኚው» አሉኝ።

እሱን አላሰብኩበትም ነበር።