የውጭ ግዥ ውል የማይጽፈው ዋጋ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬው ማሳውን አለስልሶ የሚጠብቀው ዝናብን ብቻ አይደለም፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚጫነውን ማዳበሪያም ነው። ስለ ማዳበሪያው ዋጋና ስለ ውጭ ምንዛሬው ብዙ ይባላል። ውሉ ላይ የማይጻፍ ሌላ ዋጋ ግን አለ፦ ሻጩ አገር ራሱ የተቸገረ ዕለት ዕቃውን ያስቀረዋል።

ይህን ዋጋ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረው የጦር መርከብ ገበያ አጉልቶ ያሳያል። ዲስትሮየር የተባሉትን ፈጣን መርከቦች እንግሊዝ ለአርጀንቲና፣ ለቺሊና ለፖላንድ፣ ጣልያን ደግሞ ለግሪክ፣ ለቱርክና ለሮማንያ ሠርተው ሸጠዋል። ሻጮቹ ከትርፉ ሌላ ትልቅ ጥቅም ነበራቸው፤ የራሳቸው ባሕር ኃይል ትዕዛዝ ሲቀንስ ባለሙያቸውን በገዥው ገንዘብ ያቆያሉ። ጦርነት ሲመጣም በእጃቸው ያለው መርከብ የእነሱ ይሆናል።

ብራዚል እንግሊዝ አገር 6 ዲስትሮየሮች አዝዛ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1939 ጦርነት ባወጀች በሁለተኛው ቀን 6ቱንም ለራሷ አደረገቻቸው። ቱርክም እንግሊዝ አገር ካዘዘቻቸው 4 መርከቦች በጦርነቱ ጊዜ የተረከበችው 2ቱን ብቻ ነው፤ ያውም በ1942። ገዥ ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ ያለፈበት ጊዜ አይመለስለትም።

ኢትዮጵያ ይህን ቀድማ ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም አገሮች የጦር መሣሪያ መሸጥ ከለከሉ። ጣልያን መሣሪያዋን ራሷ ታመርት ስለነበር ክልከላው የጎዳው ገዥዋን ኢትዮጵያን ነው።

ብራዚል ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1940 እንግሊዝ ባስቀረችባት መርከቦች ንድፍ ተመርኩዛ 6 መርከቦችን በሪዮ ዴ ጄኔሮ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ አገልግሎት የገቡት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1949 ነው። አገር ውስጥ ማምረት የዛሬን ችግር ዛሬ አይፈታም፤ ስለዚህም ነው ችግር ሳይመጣ መጀመር ያለበት።

የማዳበሪያ ገበያውም ይህንኑ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ቻይና ለራሷ ገበሬ ብላ ወደ ውጭ የሚላከውን ስትገድብ የዓለም ዋጋ ይበልጥ ናረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የተፈራረመው የጎዴ ዩሪያ ፋብሪካ ውል፣ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው፣ ለዚህ ተገቢ መልስ ነው። ነገር ግን ሕንፃና ማሽን ብቻውን በቂ አይደለም። ቤተ ልሔም በተባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ያስመሰከረ መምህር በሄደበት ወንበር ዘርግቶ እንደሚያስተምር፣ የጎዴ ፋብሪካም ሌላ ፋብሪካ ማቆም የሚችሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችን ማፍራት አለበት።

እስከዚያው የሚያስፈልገን ሁለት ነገር ነው፦ ግዥን ለብዙ ሻጮች ማከፋፈልና ቢያንስ የአንድ ምርት ዘመን ክምችት መያዝ። ክምችት ወጪ አለው። በዘር ወቅት ባዶ የሆነ መጋዘን ግን ገበሬውን የዓመት ምርት ያስከፍለዋል።